የባሕር ሰዎችና የአውስትራሊያ ልብ ወለድ፦ ጥያቄና መልስ

የምኖረው ሜልበርን ነው። ከከተማዋ አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በቶርኪ የባሕር ዳርቻ፣ ዕድሜዬ ከገፋ በኋላ፣ በሰሌዳ ማዕበል መጋለብን ማለትም ሰርፊንግን ተማርሁ። ያስተማሩኝ ሰዎች በመኪናቸው ውስጥ፣ ከእርጥብ ፎጣና ከሰሌዳ ሰም ጎን፣ ልብ ወለድ የማይጠፋባቸው ነበሩ፤ ከውኃ ስንወጣም ከማዕበሉ ይልቅ ስለ መጻሕፍት የተጨዋወትንበት ቀን ብዙ ነው። ይህን የሰሙ አንባቢዎች ላቀረቡልኝ ጥያቄዎች ከዚህ በታች መልስ ሰጥቻለሁ። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሰርፊንግ ስፖርት ነው። ስፖርተኞች ስለ ልብ ወለድ የሚሰጡት አስተያየት ለእኛ ምን ይጠቅመናል? ሐያስያኑ አይበቁም ወይ?

መልስ፦ ሐያሲ አንድን መጽሐፍ ከሌሎች መጻሕፍት ጋር ያስተያየዋል፤ ሰርፈር ግን ሰውነቱ ከሚያስታውሰው ነገር ጋር ያስተያየዋል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ውኃ ውስጥ የቆየ ሰው ማዕበል ላይ ቆሞ የሄደበት ጊዜ ቢደመር ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው፤ የቀረው በሙሉ መቅዘፍና መጠበቅ ነው። ሜልበርን ወዳለችበት ወደ ቪክቶሪያ ጠረፍ የሚመጣው ትልቁ ማዕበል እጅግ ርቆ በደቡባዊው ውቅያኖስ ላይ በተነሣ ዐውሎ ነፋስ የተወለደ ሲሆን፣ ረጅም መንገድ ተጉዞ በቡድን በቡድን ይደርሳል፤ በአንዱ ቡድንና በሚቀጥለው መካከል ባሕሩ ዝም ይላል። ጓደኞቼ ደራሲን የሚመዝኑት ስለ ማዕበሉ ግዝፈት በጻፈው ሳይሆን ስለዚያ ዝምታ በጻፈው ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ውኃው ሥራ ይሠራል ወይስ ለጌጥ ብቻ ተቀምጧል ብለው ይጠይቃሉ። እኔም ከእነርሱ የወሰድሁት መለኪያ ይህ ነው፤ ከታች ባሉት መልሶች ሁሉ የምጠቀመውም በዚሁ ነው።

ጥያቄ፦ አንድ መጽሐፍ ብቻ ላንብብ ብል የትኛውን ይመርጡልኛል?

መልስ፦ ቲም ዊንተን በ2008 ያሳተመውን «ብሬዝ» እመርጥልዎታለሁ፤ ርእሱ ትንፋሽ ማለት ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው በአብዛኛው በ1970ዎቹ፣ በምዕራብ አውስትራሊያ፣ ሶየር በተባለች ምናባዊ የእንጨት መሰንጠቂያ ከተማና በአቅራቢያዋ ባለው ጠረፍ ነው። ፓይክሌትና ሉኒ የተባሉ ሁለት ልጆች ወንዝ ውስጥ ጠልቀው፣ ትንፋሽ ይዞ በመቆየት ማን ማንን እንደሚበልጥ ሲፎካከሩ ያድጋሉ፤ ከዚያም ሳንዶ የተባለ፣ በዘመኑ ስመ ጥር የነበረ ሰርፈር እያደር ወደሚያስፈራው ማዕበል ይመራቸዋል። ዊንተን ራሱ ማዕበል ጋላቢ ስለሆነ፣ ወንዶች ልጆች ምንም ጥቅም የሌለውን ውብ ነገር ሲሠሩ ማየት በዚያች የሥራና የድካም ከተማ ምን ያህል እንግዳ እንደነበረ የሚያሳይበት ክፍል ላይ ጓደኞቼ ሁሉ ይስማማሉ።

የማይስማሙበትን ነገር ግን ላንሣ፤ ከሁሉ የሚጠቅመው እርሱ ነውና። ኖቲለስ የተባለ፣ ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ከተደበቀ ዐለት ላይ የሚነሣ ማዕበል አለ፤ ሉኒ ሲገባበት ፓይክሌት እምቢ ይላል። አንድ ጓደኛዬ ደራሲው ከዚያ ገጽ በኋላ ልጁን ያለ አግባብ እንደ ተሸናፊ ቀጥቶታል ብሎ አጥብቆ ይከራከራል። ከእርሱ በዕድሜ የምትበልጥ ሌላ ጓደኛዬ ደግሞ፣ ስለ ባሕር ካነበበችው ሁሉ ፍርሃት ያለ ምክንያትና ያለ ይቅርታ የተነገረበት ብቸኛው ቦታ ይህ ነው ትላለች። እኔ ከእርሷ ጋር ነኝ። መጽሐፉ የሚያነሣው ጥያቄ ድፍረት ምን ያህል ያስከብራል የሚል ሳይሆን፣ ያለ አደጋ መኖር ያቃተው ሰው ተራውን ኑሮ እንዴት ይቀበላል የሚል ነው፤ ለዚህም ነው ተራኪው በጎልማሳነቱ የአምቡላንስ ሠራተኛ ሆኖ የምናገኘው።

መጽሐፉ በ2009 የማይልስ ፍራንክሊን ሽልማትን አግኝቷል። ዊንተን ይህን ሽልማት ሲወስድ አራተኛ ጊዜው ነበር። ሽልማቱ የተመሠረተው ማይልስ ፍራንክሊን በተባለችው ደራሲ ኑዛዜ ሲሆን፣ የአውስትራሊያን ኑሮ በማናቸውም ገጽታው ለሚያሳይ ሥራ ይሰጣል።

ጥያቄ፦ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጄ ሰርፊንግ ትወዳለች። ይህንኑ መጽሐፍ ልግዛላት?

መልስ፦ እህቴ፣ አሁን አይግዙላት። «ብሬዝ» ውስጥ ትልቅ ሰው ገና ባልደረሰ ልጅ ላይ የሚፈጽመው የወሲብ በደልና ትንፋሽን በማፈን የሚደረግ አደገኛ ነገር አለ፤ ለበሰለ አንባቢ የተጻፈ ነው። ለልጅዎ ይኸው ደራሲ በ1990 የጀመረው የ«ሎኪ ሌናርድ» ተከታታይ ይስማማታል። ወደ ትንሽ የባሕር ዳርቻ ከተማ አዲስ የገባ፣ በሰሌዳው ላይ ጎበዝ፣ በትምህርት ቤት ግን እንግዳ የሆነ ልጅ ታሪክ ነው፤ ሦስት መጻሕፍት አሉት።

ጥያቄ፦ በእነዚህ ታሪኮች ውስጥ ሴቶች የት ናቸው?

መልስ፦ ለረጅም ጊዜ አሸዋው ላይ ነበሩ። ይህን ከሁሉ አስቀድማ የተናገረችው መጽሐፍ ካቲ ሌትና ጋብሪየል ኬሪ በ1979 ያሳተሙት «ፒዩበርቲ ብሉዝ» ናት። ደራሲያኑ ራሳቸው ገና ወጣቶች ሳሉ፣ በሲድኒ ደቡብ ባለው በክሮኑላ ዳርቻ ያዩትን ጻፉ፦ ወንዶቹ ማዕበል ሲጋልቡ ልጃገረዶቹ ፎጣ እየጠበቁ፣ ምግብ እየገዙ እያመጡ፣ ራሳቸው ግን በወንዶቹ ፊት ለመብላት እያፈሩ ይውላሉ። ቋንቋው ቀላል፣ አንዳንድ ጊዜም ጸያፍ ስለሆነ ተራ የወጣቶች ንባብ አድርገው የሚያልፉት ሰዎች አሉ። እኔ ግን ከብዙ ተሸላሚ መጻሕፍት ጋር እኩል አስቀምጠዋለሁ፤ ምክንያቱም በመጨረሻ ሁለቱ ልጆች ሰሌዳ ገዝተው፣ የወንዶቹ ፌዝ እየተከተላቸው፣ ወደ ውኃው ሲገቡ፣ ከዚያ በፊት የነበረው የመጠበቅ ጊዜ ሁሉ በአንድ ጊዜ ትርጉም ያገኛል። ከእኔ ጋር የሚዋኙ፣ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው ሁለት ሴቶች ይህን መጽሐፍ በልጅነታቸው ደብቀው እንዳነበቡትና የመጀመሪያ ሰሌዳቸውን የገዙት ከዚያ በኋላ እንደሆነ ነግረውኛል። ብሩስ ቤርስፎርድ በ1981 ፊልም አድርጎታል፤ ፊልሙ ለስለስ ያለ ስለሆነ መጽሐፉን አስቀድሙ።

ጥያቄ፦ ስለ ታላላቅ ሻምፒዮኖች የተጻፈ ልብ ወለድ አለ?

መልስ፦ አለ። የማልኮም ኖክስ «ዘ ላይፍ»፣ በ2011 የወጣ ነው። ዴኒስ ኪት የተባለ ያረጀ፣ የወፈረ፣ አእምሮው የታመመ የቀድሞ የባሕር ንጉሥ ከእናቱ ጋር በጎልድ ኮስት ጠረፍ ባለችው በኩልንጋታ ሲኖር፣ አንዲት ወጣት ታሪኩን ልትጽፍ ትመጣለች። የጎልድ ኮስት ሰዎች መጽሐፉን ሲያነቡ በ1973፣ በ1974ና በ1975 ቶርኪ አጠገብ ባለው በቤልስ ቢች የተካሄደውን የሰርፊንግ ውድድር በተከታታይ ያሸነፈውን፣ በኋላም ከሕመም ጋር ሲታገል የኖረውን ማይክል ፒተርሰንን ያስታውሳሉ። ዐረፍተ ነገሮቹ እንደ ሰውየው ሐሳብ የተቆራረጡ ስለሆኑ የመጀመሪያዎቹ ሠላሳ ገጾች ያስቸግራሉ፤ ይታገሡት።

ጥያቄ፦ እንግሊዝኛዬ መካከለኛ ነው፤ ወንጀል ነክ ታሪክም እወዳለሁ። ምን ላንብብ?

መልስ፦ የጄን ሃርፐርን «ዘ ድራይ»፣ በ2016 የታተመውን። በሜልበርን የሚሠራ የፌዴራል ፖሊስ የሆነው አሮን ፎልክ ለልጅነት ጓደኛው ቀብር በድርቅ ወደተመታች የገጠር ከተማው ይመለሳል። ባሕር የለበትም፤ ይሁን እንጂ ሰርፈሮች ከእጅ ወደ እጅ ሲቀባበሉት አይቻለሁ። ፎልክ በልጅነቱ ይዋኝበት ወደነበረው ወንዝ ሄዶ ደረቅ መሬት ብቻ ሲያገኝ፣ ውኃው ባለመኖሩ ሥራ ይሠራል። ቋንቋው ግልጽ ስለሆነ ለመጀመሪያ ንባብ ይመቻል። ከዚያ በኋላ ወደ ፒተር ቴምፕል «ትሩዝ» መሻገር ይቻላል፤ ይህ መጽሐፍ በ2010 የማይልስ ፍራንክሊን ሽልማትን ሲያገኝ፣ የወንጀል ልብ ወለድ ከታላቁ ሥነ ጽሑፍ በታች ነው የሚለው አስተሳሰብ በአውስትራሊያ ክፉኛ ተናግቷል።

ጥያቄ፦ የአውስትራሊያዊቷ ደራሲ የሊያን ሞሪያርቲ መጽሐፍስ?

መልስ፦ «ቢግ ሊትል ላይስ» በቤት ውስጥ ስለሚፈጸም የጥቃት ዝምታ የተጻፈ ብርቱ መጽሐፍ ነው። ዳርቻው ግን ለታሪኩ የግድ አያስፈልገውም፤ ከሲድኒ አካባቢ ተነሥቶ በቴሌቪዥን ወደ ካሊፎርኒያ ሲዛወር ብዙም ያልጎደለው ለዚህ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ የሀገሬው ነባር ሕዝቦችስ? ይህ ሁሉ ባሕር የማን ነው?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ በመጠየቅዎ አመሰግናለሁ፤ ጓደኞቼም ዘግይተው የደረሱበት ጥያቄ ነው። ኑንጋር ከተባለው ነባር ሕዝብ የሚወለደው ኪም ስኮት በ2010 «ዛት ዴድማን ዳንስ» የተባለ ልብ ወለድ አሳተመ፤ በማግስቱ ዓመት የማይልስ ፍራንክሊን ሽልማትን አገኘ። ቦታው በምዕራብ አውስትራሊያ፣ ዛሬ ኦልባኒ የምትባለው ከተማ ያለችበት ጠረፍ ነው፤ ዊንተን ከፊል የልጅነት ዘመኑን ያሳለፈባት፣ በመጻሕፍቱም በሌላ ስም የምትመላለሰው ከተማ ማለት ነው። በስኮት ታሪክ ቦቢ ዋባላንጊኒ የተባለ የኑንጋር ልጅ ከመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎችና ከዓሣ ነባሪ አዳኞች ጋር ይወዳጃል፣ ቋንቋቸውን ይማራል፣ በጀልባቸው ይቀዝፋል፤ ወዳጅነቱ ቀስ በቀስ እንዴት እንደተበላሸ መጽሐፉ በትዕግሥት ያሳያል። የዓሣ ነባሪ አደኑ በዚያው በኦልባኒ እስከ 1978 ቀጥሏል፤ ይህም ፓይክሌትና ሉኒ በልብ ወለዱ ማዕበል ሲጋልቡ የነበሩበት ዘመን ነው።

ፍርሃትን አስመልክቶ ከላይ የጠቀስኋት ጓደኛዬ ሁለቱን መጻሕፍት በተከታታይ ካነበበች በኋላ፣ በ«ብሬዝ» ውስጥ ጠረፉ ባዶ፣ ማዕበሎቹም ሳንዶና ልጆቹ ስም እስኪሰጧቸው ድረስ ስም የለሽ መስለው መቅረባቸው እንደሚቆረቁራት ነገረችኝ። ዊንተንን መውደዷን አላቆመችም፤ ሰው ግን ስታስነብብ ቅደም ተከተሉን ለውጣለች። እርስዎም ሁለቱን ካገኙ የስኮትን አስቀድመው ያንብቡ።