የአንባቢያን ጥያቄዎች፦ የገረጣው አኩሪ አተርና ተከትሎት የሚመጣው በቆሎ

ጥያቄ፦ ለብዙ ዓመታት በቆሎ ብቻ ሲዘራበት በኖረ ማሳ ላይ ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አኩሪ አተር ዘራሁ። ቡቃያው በደንብ ቢወጣም ከአንድ ወር በኋላ ከታችኛው ቅጠል ጀምሮ መገርጣት ያዘ። ጎረቤቶቼ ዩሪያ ጨምርበት ይሉኛል። ልጨምርበት ወይስ ልተወው?

መልስ፦ ጎረቤቶችዎ በበቆሎ ላይ ያዩትን ነው የመከሩዎት፤ ለበቆሎ ቢሆን ኖሮ ምክራቸው ትክክል በሆነ ነበር። አኩሪ አተር ግን ከሚያስፈልገው ናይትሮጅን አብዛኛውን በሥሩ እባጮች ውስጥ ከሚኖሩ ባክቴሪያዎች ሊያገኝ የሚችል ሰብል በመሆኑ፣ ማዳበሪያ ከመግዛትዎ በፊት ሥሩን ይመልከቱ።

ከማሳው ልዩ ልዩ ቦታዎች ጥቂት ተክሎችን ይምረጡና ዙሪያቸውን በአካፋ ቆፍረው ከነአፈራቸው ያውጧቸው። በእጅ ከተነቀሉ እባጮቹ ተበጥሰው መሬት ውስጥ ስለሚቀሩ የሌሉ ይመስልዎታል። አፈሩን ቀስ አድርገው በውኃ ካጠቡ በኋላ እባጮቹን በምላጭ ሰንጥቀው ውስጣቸውን ይዩ። ውስጣቸው ቀይ ወይም ሮዝ ከሆነ ባክቴሪያዎቹ ናይትሮጅንን ከአየር እየወሰዱ ተክሉን በመመገብ ላይ ናቸው፤ ቅላቱ የሚመጣው በደማችን ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን ጋር ከሚዛመድ ሌግሄሞግሎቢን ከተባለ ፕሮቲን ነው። ነጭ ከሆነ ገና ሥራ አልጀመሩም፤ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ከሆነ ደግሞ አቁመዋል። በአንድ ወር ዕድሜ የሚታይ መገርጣት እባጮቹ ሥራ እስኪጀምሩ ድረስ ብቻ የሚቆይ ሊሆን ስለሚችል፣ ውስጣቸው መቅላት ከጀመረ ጥቂት ቀናት ይታገሡ። በዚህ ጊዜ ዩሪያ ቢጨምሩ ተክሉ የተዘጋጀ ናይትሮጅን ስላገኘ እባጭ ማብዛቱን ይተዋል። ማሳው ውኃ የተኛበት ከሆነም ውኃውን በቦይ ያስወጡ፤ ባክቴሪያዎቹ ያለ አየር አይሠሩም።

አበባ እስኪያወጣ ድረስ አንድም እባጭ ካልተገኘ ግን ናይትሮጅን መጨመሩ ለዘንድሮው ምርት ብቻ የሚሆን መፍትሔ ነው። በማሳዎ ታሪክ ስገምት ይህ ሊሆን ይችላል፤ ከአኩሪ አተር ጋር ተስማምቶ የሚኖረው ብራዲራይዞቢየም ጃፖኒከም የተባለው ባክቴሪያ ሰብሉ ተዘርቶበት በማያውቅ አፈር ውስጥ ብዙውን ጊዜ አይገኝም። ባቄላ ወይም አተር የነበረበት ማሳ መሆኑም አይጠቅመውም፤ የእነሱ ባክቴሪያ ሌላ ነው። ችግሩ ቀላል እንዳልሆነ በሒሳብ ለማየት፣ አንድ ኩንታል የአኩሪ አተር ፍሬ ወደ 6 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ናይትሮጅን ይይዛል፤ ይህንን በዩሪያ ለመተካት፣ ምንም ሳይባክን እንኳ፣ 13 ኪሎ ግራም ያህል ያስፈልጋል።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ዘሩን ለአኩሪ አተር በተዘጋጀ ሕያው ማዳበሪያ፣ ማለትም ይህን ባክቴሪያ በያዘ ዱቄት፣ ለውሰው ይዝሩ። የአገልግሎት ጊዜው ያላለፈበትና በቀዝቃዛ ቦታ የተቀመጠ መሆኑን ያረጋግጡ። ዘሩን ጥላ ሥር በጥቂቱ አርጥበው፣ ዱቄቱ ሁሉንም እስኪሸፍነው ድረስ ሳይላጥ በቀስታ ያገላብጡና በዚያው ቀን እርጥብ መሬት ላይ ዘርተው ወዲያውኑ አፈር ያልብሱት። ፀሐይና ሙቀት ባክቴሪያውን ይገድሉታል፤ ከፋብሪካ ማዳበሪያ ጋር አንድ ላይ መደባለቅም እንዲሁ። አፈሩ አሲዳማ ከሆነ፣ ማለትም የአሲዳማነት መለኪያው ፒኤች ከ5.5 በታች ከሆነ፣ አስቀድሞ ኖራ ያስፈልገዋል።

ጥያቄ፦ አኩሪ አተር አፈሩን በናይትሮጅን ስለሚያበለጽግ በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ማሳ ለምዘራው በቆሎ ማዳበሪያ መጠቀም የለብኝም ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ጥሩ ምርት የሰጠ አኩሪ አተር ከአየር የወሰደውን ናይትሮጅን አብዛኛውን በፍሬው ውስጥ ይዞት ከማሳው ስለሚወጣ፣ የሚተርፈው ብዙዎች ከሚያስቡት ያነሰ ነው። ሰብል ማፈራረቁ በቆሎውን ይጠቅመዋል፤ የበቆሎ ተባይና በሽታ ዑደት ይቋረጣል፣ የአኩሪ አተሩም ቅሪት ቶሎ ይበሰብሳል። ስለዚህ መጠኑን በአፈር ምርመራ ተመርኩዞ መቀነስ ይቻል እንደሆነ እንጂ መተው አይቻልም።

ከመጠኑ ባልተናነሰ ጊዜው ወሳኝ ነው። ፎስፈረስ ከዘር ጋር፣ ዘሩን ሳይነካ መቀበር አለበት። ናይትሮጅኑን ግን ጥቂቱን በዘር ወቅት፣ የቀረውን ስድስት እስከ ስምንት ቅጠል ሲያወጣ መስጠት ይሻላል፤ በቆሎ ናይትሮጅንን በብዛት መሳብ የሚጀምረው በዚያን ጊዜ ነው። ዩሪያውን ከአረምና ከኩትኳቶ በኋላ ከአገዳው ትንሽ ራቅ አድርገው እርጥብ አፈር ውስጥ ይቅበሩት፤ ላዩ ላይ ከተበተነ ከፊሉ ወደ አሞኒያ ተለውጦ ይተናል። በኋላ የታችኛው ቅጠል ከጫፉ ጀምሮ መካከለኛውን ጅማት ተከትሎ ቢጫ ከሆነ ናይትሮጅን አንሶታል፤ ቢጫነቱ በቅጠሉ ዳርና ዳር ከሆነ ግን የጎደለው ፖታሲየም ስለሆነ ዩሪያ አይፈታውም።

ጥያቄ፦ ሁለቱንም በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት ጥልቀት ዘራሁ። ከከባድ ዝናብ በኋላ በቆሎው ሲወጣ አኩሪ አተሩ አንገቱ ተሰብሮ መሬት ውስጥ ቀረ። ለምን?

መልስ፦ የበቆሎ ቡቃያ እንደ መርፌ ሹል ሆኖ አፈሩን ወግቶ ይወጣል፤ አኩሪ አተር ግን ሁለቱን ክኮች በታጠፈ አንገቱ ጎትቶ ማውጣት ስላለበት በዝናብ ተደብድቦ የደረቀ የአፈር ቅርፊት ይሰብረዋል። በቆሎን ወደ 5 ሳንቲ ሜትር፣ አኩሪ አተርን ከ2.5 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይዝሩ፤ ቅርፊቱ ጨርሶ ሳይደርቅም ላዩን ብቻ በጥንቃቄ ይሰባብሩት። የአኩሪ አተር ዘር በማከማቻ ውስጥ የመብቀል አቅሙን ቶሎ ስለሚያጣ፣ እንደገና ከመዝራትዎ በፊት 100 ፍሬ ቆጥረው በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ለአንድ ሳምንት ያህል ያቆዩ። 80 እና ከዚያ በላይ ከበቀሉ ዘሩን ይጠቀሙበት፤ ጥቂት ካነሱ የዘሩን መጠን ይጨምሩ፤ ግማሹም ካልበቀለ ዘሩን ይቀይሩ።