ፌሮ፣ ስታፋ፣ ሶሌታ፦ ቤት ልትሠሩ ስትነሱ ስለምትሰሟቸው ቃላት (ጥያቄና መልስ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሳይት ላይ፣ ግንባታው ቦታ ማለቴ ነው፣ እኛ ባለሙያዎች እርስ በርስ የምንግባባባቸው ቃላት አሉ። ባለቤቱ አጠገባችን ቆሞ ይሰማል፣ ግማሹ አይገባውም፣ ለመጠየቅ ያፍርና "እሺ" ብሎ ያልፋል። ይሄ ነገር ያሳስበኛል። ብዙ ሰው ዕድሜ ልኩን ያጠራቀመውን ገንዘብ የሚያወጣው ባልገባው ቃል ላይ ነው። ስለዚህ የመጣውን ጥያቄ ሁሉ የምችለውን ያህል እመልሳለሁ። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ ባለሙያው ቃል ሲጠራ ቁጥሩን ጠይቁት። ውፍረቱ ስንት ነው? ስንት ኪሎ? በስንት ሴንቲ ልዩነት?

ጥያቄ፦ ለገጣፎ ቪላ ልጀምር ነው። ኮንትራክተሩ "የእጅ በካሬ ይሄን ያህል" አለኝ። የእጅ ሲል ምን ምን ይጨምራል?

መልስ፦ የእጅ ዋጋ ማለት ማቴሪያሉ ካንተ፣ ሙያውና ጉልበቱ ከሱ ነው። እዚህ ድረስ ሁሉም ይስማማል። ጭቅጭቁ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የሚክሰር (የኮንክሪት ማቡኪያው) እና የቫይብሬተር (ኮንክሪቱን እያንቀጠቀጠ የሚያጠጋጋው) ኪራይ በማን ነው? ኮንክሪቱ የሚሞላበት የእንጨት ሥራ ጣውላና ሞራሌ (አራት ማዕዘን የተሰነጠቀ እንጨት)፣ የመወጣጫው ባህር ዛፍ፣ ምስማሩ፣ ማሰሪያ ሽቦውስ? ተቆፍሮ የወጣውን አፈር ማን ያስጭናል? ሶሌታ (ቢሞቹ ላይ የሚተኛው ጠፍጣፋ ኮንክሪት) ከተሞላ በኋላ ውሃ የሚያጠጣው የማን ሠራተኛ ነው? እነዚህ ሁሉ "የእጅ" በሚለው ቃል ውስጥ ሊገቡም ሊወጡም ይችላሉ፣ ስለዚህ አንድ በአንድ በውሉ ላይ ይጻፉ።

"ካሬ" የሚለውንም አጥራው። የወለሉ ካሬ ነው የግድግዳው? በረንዳ ሙሉ ይቆጠራል ወይስ ግማሽ? ልስን ላይ የበርና የመስኮቱ ቦታ ይቀነሳል ወይስ እንደ ግድግዳ ይታሰባል? ሁለታችሁም በቅን ልብ እየሠራችሁ እንኳ መጨረሻ ላይ በዚህ ትጣላላችሁ። ክፍያውን ደግሞ በሥራ ደረጃ ክፈለው። መሠረት ሲያልቅ ይሄን ያህል፣ ግሬድ ቢም (መሬቱ ደረጃ ላይ ያለው የኮንክሪት ማሰሪያ) ሲሞላ ይሄን ያህል፣ እንዲህ እያልክ። በቀን ወይም በወር ቆጥረህ አትስጥ።

ጥያቄ፦ ግሬድ ቢም፣ ኮለን፣ ቢም፣ ሶሌታ እያሉ ያደናግሩኛል። በሴትነቴ ስጠይቅ ደግሞ ይስቁብኛል።

መልስ፦ ጠይቂ እህቴ፣ ይሳቁ። ገንዘቡ ያንቺ ነው። ከታች ጀምረን እንውጣ። ጉድጓዱ ከተቆፈረ በኋላ መጀመሪያ 5 ሴንቲ ገደማ ስስ ኮንክሪት ይፈስሳል፣ ሊን ኮንክሪት ይሉታል። ሥራው ብረቱ አፈር እንዳይነካ ንጹሕ መደብ መሆን ብቻ ነው። በላዩ ላይ ፉቲንግ ይመጣል። ፉቲንግ የቤቱን ሸክም ለአፈሩ የሚያከፋፍል ሰፊ ጫማ ነው በዪው። ከፉቲንጉ ቀጥ ብሎ የሚወጣው ኮለን ነው። ኮለኖቹን መሬቱ ደረጃ ላይ ዙሪያውን የሚያስራቸው ግሬድ ቢም ነው፣ ብሎኬቱም የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ላይኛው ላይ የሚያስራቸው ቢም ይባላል። በቢሞቹ ላይ የሚተኛው ጠፍጣፋው ኮንክሪት ሶሌታ ነው። አርማታ ሲሉሽ ደግሞ ብረት የገባበት ኮንክሪት ማለታቸው ነው።

ጥያቄ፦ ፕላኑ ላይ C20/25 ይላል፣ ፎርማኑ C-25 ነው ይለኛል። ማን ነው ልክ?

መልስ፦ ሁለቱም አንድ ነገር እያሉህ ነው፣ የኮንክሪቱን የጥንካሬ ደረጃ። በፈረንጆቹ 1995 የወጣው የቀድሞው የሕንፃ ኮዳችን C-25 ሲል፣ በኩብ ቅርጽ የተሞላ ናሙና ከ28 ቀን በኋላ 25 ሜጋ ፓስካል ይችላል ማለቱ ነው። በካሬ ሴንቲ ሜትር 250 ኪሎ ገደማ መሆኑ ነው። በፈረንጆቹ 2015 የወጣው አዲሱ ሁለት ቁጥር ይጽፋል፣ 20ው በሲሊንደር ናሙና ሲለካ፣ 25ቱ በኩብ ሲለካ ነው።

ዋናው ግን ወረቀቱ ላይ ያለው ሳይት ላይ መድረሱ ነው። በእጅ ወይም በትንሽ ሚክሰር ሲቦካ የተለመደው 1 ለ 2 ለ 3 ነው፦ አንድ ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ ሦስት ጠጠር። መለኪያው ሣጥን ነው። 50 በ40 በ18 ሴንቲ የሆነ ሣጥን 36 ሊትር ይይዛል፣ ይሄ ደግሞ ከአንድ ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ሲሚንቶ ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ ለአንድ ከረጢት ሁለት ሣጥን አሸዋ፣ ሦስት ሣጥን ጠጠር። በሙሌት ቀን ሣጥኑ አጠገብ ቆመህ እይ። በጠዋቱ ሣጥኑ ሞልቶ አፉ በጣውላ እየተጠረገ ይገለበጣል። ከሰዓት ሁሉም ሲደክም ሣጥኑ ይጣልና በአካፋ ግምት ይጀመራል፣ "ውሃ ጨምርበት ይቅለለን" የሚባለውም ያኔ ነው። ለአንድ ከረጢት ውሃው 25 ሊትር አካባቢ መሆን አለበት፣ አሸዋው እርጥብ ከሆነ እንዲያውም ከዚያ ያንሳል። ኮንክሪቱ እንደ ሾርባ ሲፈስ ሥራው ይቀላል፣ ጥንካሬው ግን ይቀንሳል።

ለሒሳብህ ደግሞ፣ C-25 በሜትር ኩብ 360 ኪሎ ሲሚንቶ ይታሰብለታል፣ 3.6 ኩንታል ማለት ነው። 100 ካሬ ሶሌታ በ15 ሴንቲ ውፍረት 15 ሜትር ኩብ ነው፣ ስለዚህ ወደ 54 ኩንታል ያስፈልግሃል። ቢሙ ሳይቆጠር። አንድ ሰው 35 ኩንታል ይበቃል ካለህ እንዴት እንደሚበቃ ይንገርህ።

ጥያቄ፦ ባለ 12 ፌሮ (ኮንክሪት ውስጥ የሚገባ ብረት) ገዝቼ ትክክለኛ 12 መሆኑን በምን አውቃለሁ? ስታፋና ቶንዲኖስ ምንድን ናቸው?

መልስ፦ በጣም ጥሩ ጥያቄ። በሚዛን ነው የምታውቀው። የብረቱን ውፍረት በሚሊ ሜትር በራሱ አባዛው፣ ለ162 አካፍለው፣ የአንድ ሜትር ክብደት በኪሎ ይመጣልሃል። 12 ሲባዛ በ12፣ 144። ለ162 ሲካፈል 0.89 ኪሎ ግድም። አንዱ ዘንግ 12 ሜትር ስለሆነ 10.7 ኪሎ አካባቢ መመዘን አለበት። ባለ 8 ከሆነ 4.7 ኪሎ፣ ባለ 16 ከሆነ 19 ኪሎ ያህል። የገዛኸው "12" ተመዝኖ 9 ኪሎ ከመጣ በእጅህ ያለው 11 ሚሊ ነው፣ ኢንጂነሩ ያሰበው ብረት አይደለም። ጥቂት ልዩነት ያለና የሚፈቀድ ነው፣ ይሄን ያህል ግን አይደለም። በቁጥር ስትገዛ ርዝመቱንም በሜትር ለካው።

ስታፋ ማለት ዋናዎቹን ብረቶች ዙሪያውን አቅፎ የሚይዘው የታጠፈው ቀለበት ነው። ብዙ ጊዜ በ6 ወይም በ8 ይሠራል። ቶንዲኖ የሚሉት ቀጭኑን ብረት ነው፣ አንዳንዱ ግን ማንኛውንም ፌሮ እንዲያ ይለዋል፣ ስለዚህ ሚሊውን ጠይቅ። ብረት አጣፊው ፌራዮ ይባላል። ፌራዮው ሥራውን ሲጨርስ፣ ከመሞላቱ በፊት፣ ሜትር ይዘህ ሂድ። ፕላኑ ላይ ስታፋው በ15 ሴንቲ ከተባለ፣ ኮለኑ ከቢም ጋር የሚገናኝበት አካባቢ ደግሞ ጠበቅ ይበል ከተባለ፣ ለካው። የስታፋው ጫፍ ወደ ውስጥ ታጥፎ ኮንክሪቱ ውስጥ መግባት አለበት፣ እንዲሁ 90 ዲግሪ ብቻ ታጥፎ የቀረ ስታፋ ትልቅ ጭነት ሲመጣ ይከፈታል። አዋሳ፣ አዳማ፣ በአጠቃላይ ስምጥ ሸለቆው አካባቢ የምትሠሩ ይሄን እንደ ቀላል እንዳታዩት፣ የመሬት መንቀጥቀጥ ቀጠና ነው።

ብረቱ ጣውላውንም አፈሩንም መንካት የለበትም። ከሥሩ ስፔሰር ይገባል፣ ከሲሚንቶ የተሠራች ትንሽ ኩብ ናት። ለሶሌታ ሁለት ሴንቲ ገደማ፣ ለኮለንና ለቢም ሁለት ተኩል፣ ለመሠረት 5 ሴንቲ ይለመዳል። ጠጠር ሲያስገቡ ካየህ አስወጣ።

ጥያቄ፦ ኦፒሲ እና ፒፒሲ ልዩነቱ ምንድን ነው? ሻጩ "ያው ነው" አለኝ።

መልስ፦ ያው አይደለም። ኦፒሲ ንጹሑ ፖርትላንድ ሲሚንቶ ነው፣ ቶሎ ይጠነክራል። ፒፒሲ ፖዞላና፣ ማለትም እሳተ ገሞራ ነክ ድንጋይ ተፈጭቶ የተቀላቀለበት ነው። መጥፎ አይደለም፣ ግን ጥንካሬውን ቀስ ብሎ ነው የሚያመጣው። ለልስን፣ ለብሎኬት ግንብ፣ ለሊሾ (ለሲሚንቶ ወለል) ፒፒሲ በጣም ደስ የሚል ነው። ለኮለን፣ ለቢምና ለሶሌታ ኦፒሲ ይሁንልህ። ፒፒሲ ከተጠቀምክ የሶሌታውን ድጋፍ እንጨት ለማንሳት አትቸኩል። ከረጢቱ ላይ የተመረተበትን ቀን እይ፣ ስትጨብጠው ጓጉሎ ካገኘኸው ደግሞ አትውሰድ።

ጥያቄ፦ አሸዋ ሻጩ "የላንጋኖ ነው" ይላል። ንጹሕ መሆኑን እንዴት ልለይ?

መልስ፦ ስሙን ተወውና ፈትሸው። ቀጥ ያለ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውሰድ። ግማሹን አሸዋ፣ የቀረውን ውሃ ሙላ፣ ትንሽ ጨው ብትጨምር ቶሎ ይለያል። በደንብ ናጠውና ጠረጴዛ ላይ ለሁለትና ሦስት ሰዓት አስቀምጠው። አሸዋው ሥር ይተኛል፣ ከላዩ ስስ የጭቃ ንብርብር ይቀመጣል። ያንን ንብርብር በማስመሪያ ለካውና ከአሸዋው ቁመት ጋር አነጻጽረው። በኛ ስታንዳርድ ከ6 ፐርሰንት በላይ ጭቃ ያለው አሸዋ ወይ ይታጠባል ወይ ይመለሳል። 10 ሴንቲ አሸዋ ላይ 1 ሴንቲ ጭቃ ካየህ መኪናውን ሳታራግፍ መልሰው። መራገፉ ነው ችግሩ፣ አንዴ ከተራገፈ ያንተ ነው። ከየቢያጆው፣ ከእያንዳንዱ የመኪና ጭነት ማለት ነው፣ ፈትሽ፣ የመጀመሪያው ጥሩ ስለሆነ ሁለተኛው ጥሩ ነው ማለት አይደለም።

ጥያቄ፦ ብሎኬት በካሬ ስንት ይገባል? ኤ፣ ቢ፣ ሲ የሚሉትስ?

መልስ፦ ብሎኬቱ ፊቱ 40 በ20 ስለሆነ 12 ተኩል ይመጣል፣ ከስብራቱ ጋር 13 ያዝ። ውፍረቱ 20፣ 15 እና 10 ነው። የውጭ ግድግዳ በ20፣ የውስጥ መክፈያ በ15 ወይም በ10 ይለመዳል። ፊደሉ የጥንካሬ ደረጃ ነው፣ ኤ ጠንካራው ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ቦታዬ ቦሌ አካባቢ ጥቁር አፈር ነው። ገረጋንቲ ሙሉ ይሉኛል። ለምን ይሆን?

መልስ፦ አባቴ፣ እውነታቸውን ነው። ጥቁር አፈር፣ ዋልካ የምንለው፣ ክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ ይኮማተራል። ፎቁ ከባድ ስለሆነ ትንሽ ይታገሠዋል፣ ቪላ ግን ቀላል ስለሆነ ወለሉን አንሥቶ ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ አፈሩ ተቆርጦ ይወጣና በምትኩ የማያብጠው ገረጋንቲ ይገባል። አንዴ ደፍተው እንዳይረግጡልዎት፣ በ20 ሴንቲ ንብርብር እየሆነ፣ ውሃ እየጠጣ፣ በማሽን እየተጠቀጠቀ ይሂድ። በላዩ ድንጋዩ ይደረደራል፣ ሃርድኮር የሚሉት፣ 25 ሴንቲ ነው። ከቤቱ ዙሪያ ደግሞ ሰፋ ያለ የሲሚንቶ መራመጃ ያሠሩ፣ የአሸንዳውም ውሃ ከግድግዳው ርቆ ይውረድ። ምን ያህል ይቆረጥ የሚለውን ግን የአፈር ምርመራ ይወስን።

ጥያቄ፦ የፊኒሽንግ ቃላት በአጭሩ? ሊሾ፣ ግርፍ፣ ስቱኮ፣ ባትስኮፓ...

መልስ፦ ግርፍ የመጀመሪያው ሸካራ ልስን ነው። ስቱኮ ከቀለም በፊት ግድግዳውን የሚያለሰልሰው ነው። ሊሾ የሲሚንቶ ወለል። ባትስኮፓ ወለሉና ግድግዳው የሚገናኙበት ዙሪያውን የሚሄደው ጠርዝ። ኮርኒስ ጣሪያው ሥር ያለው ነው። ቆርቆሮ ላይ ጌጅ ሲሉህ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ቆርቆሮው ይሳሳል፣ ባለ 28 ከባለ 32 ይወፍራል። ብዙ ሰው ተቃራኒ ይመስለዋል፣ በዚህም ይበላል።

ጥያቄ፦ ያለሁት ቨርጂኒያ ነው። ወንድሜ እያሠራልኝ ነው። ፎቶ ይልክልኛል፣ ግን ምን ማየት እንዳለብኝ አላውቅም።

መልስ፦ ያለቀ ሥራ ፎቶ ብዙ አይነግርሽም፣ የተሞላ ኮንክሪት ሁሉ ከውጭ አንድ ነው። ከመሞላቱ በፊት ያለውን ጠይቂ። ጉድጓዱ ውስጥ ሜትር ቆሞበት፣ ጥልቀቱ እንዲነበብ። ብረቱ ታስሮ ስታፋው ላይ ሜትር ተዘርግቶ። ፌሮው ሚዛን ላይ ሆኖ። ስፔሰሩ ከሥር ሲታይ። ከዚያ የሙሌቱን ቀን አጭር ቪዲዮ፣ ሣጥኑ ሲጠረግ የሚያሳይ። ከሙሌት በኋላ ደግሞ ቢያንስ ለ7 ቀን ሶሌታው ላይ ውሃ ተኝቶ የሚያሳይ ፎቶ በየቀኑ ይላክልሽ፣ በፒፒሲ ከተሞላ ከዚያም ይርዘም። ወንድምሽን ስላላመንሽ እንዳልሆነ ንገሪው፣ እሱም ከባለሙያው ጋር ሲነጋገር "እህቴ ትፈልገዋለች" የሚልበት ምክንያት ያገኛል። ብትችይ ከኮንትራክተሩ ጋር ዝምድና የሌለው ኢንጂነር በየሙሌቱ እየመጣ ፈትሾ እንዲፈርም ክፈይ፣ ከጠቅላላ ወጪሽ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው።

ጥያቄ፦ ቤቴ ቪላ ነው፣ ወደፊት ፎቅ ልጨምርበት ብዬ የኮለኑን ፌሮ ከላይ አስተርፌዋለሁ። በቂ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ፎቁን የሚሸከመው ከላይ የተረፈው ብረት ሳይሆን ከታች ያለው ፉቲንግ ነው። ፕላኑ ጂ+0 (ፎቅ የሌለው) ከሆነ መሠረቱ የተሰላው ለዚያ ሸክም ብቻ ነው። ጂ+1 (ባለ አንድ ፎቅ) ተብሎ ተሰልቶ መሠረቱ ብቻ አሁን ከተሠራ ግን ጥሩ አድርገሃል፣ ፕላኑን አውጥተህ አረጋግጥ። የተረፈውን ብረት ደግሞ ለዝናብ አትተወው፣ የሲሚንቶ ውሃ ቀባውና በፕላስቲክ ሸፍነህ እሰረው። ዝገቱ በእጅ ሲታሽ እንደ ቅርፊት እየተላጠ የሚወርድ ከሆነ፣ ላዩ ላይ ከመቀጠልህ በፊት ኢንጂነር መጥቶ ውፍረቱን ይለካልህ።