ከመመረጣቸው በፊት ምን ይሠሩ ነበር?

ለልጆቻችን፣

ብዙዎቻችሁ እዚህ ሜሪላንድ ተወልዳችኋል፤ ሌሎቻችሁ በልጅነታችሁ መጥታችሁ አድጋችኋል። እኔ ረጅሙን ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በማኅበራዊ አገልግሎት ሥራ ነው። አስተረጉማለሁ፣ ቅጽ አስሞላለሁ፣ ኪራይ አቅቷቸው ከቤት ሊወጡ የተቃረቡ ቤተሰቦችን አግዛለሁ። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ ነገር ሲያሳዝነኝ ኖሯል። የአዲስ አበባን ባለሥልጣናት ስም ከነሹመታቸው በቃላችን እናውቃለን። ማን ተነሳ፣ ማን ተሾመ እያልን እናመሻለን። በሜሪላንድ ዋና ከተማ በአናፖሊስ የሚወክለንን ሰው ስም የሚያውቅ ግን ከመካከላችን ጥቂት ነው። የኪራይ ሕጉ፣ የመንጃ ፈቃዱ፣ የመብራት ቢሉ ጉዳይ የሚወሰነው ደግሞ እዚያ ነው። አገር ቤትን ማሰብ ትክክል ነው፣ እኔም አስባለሁ። የምንኖርበትን መርሳት ግን ዋጋ ያስከፍለናል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሜሪላንድ 47 የምርጫ ወረዳዎች አሏት። ከእያንዳንዱ ወረዳ አንድ ሴናተርና ሦስት ዴሊጌቶች፣ ማለትም የታችኛው ምክር ቤት አባላት፣ ይመረጣሉ፤ በድምሩ 188 ሰው። ምክር ቤቱ በየዓመቱ በጃንዋሪ ሁለተኛው ረቡዕ ይከፈትና በ90 ቀን ውስጥ ሥራውን ይጨርሳል። በነዚያ ቀናት ከ2,000 በላይ ረቂቅ ሕጎች ይቀርባሉ። ያን ሁሉ ማንም ሰው በጥልቀት አያውቅም። ስለዚህ አባላቱ ወደ ምክር ቤት ሲገቡ ይዘውት የመጡት እውቀትና ልምድ ትልቅ ለውጥ ያመጣል።

ለምሳሌ ዶክተር ሎሪግ ቻርኩዲያንን ውሰዱ። ይህ የምርጫ ቅስቀሳ አይደለም፤ እሳቸውን ምረጡ ወይም አትምረጡ አልልም። የ20ኛው ወረዳ ዴሊጌት ናቸው። ወረዳው ሲልቨር ስፕሪንግንና ታኮማ ፓርክን ስለሚይዝ የብዙ ሐበሻ ሰፈር ነው። በዲሞክራቲክ ፓርቲ በኩል በ2018 ተመርጠው በ2019 መጀመሪያ ሥራ ጀመሩ። ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በኢኮኖሚክስ ዶክትሬት አላቸው። ከዲግሪው ይልቅ ቀልቤን የሚስበው ግን ከምርጫ በፊት የሠሩት ሥራ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ባልቲሞር ላይ የማኅበረሰብ ሽምግልና ማዕከል መሠረቱ። በኋላም ኮሚዩኒቲ ሚዲዬሽን ሜሪላንድ የተባለውን ድርጅት መሩ። ይህ ድርጅት ከሚያግዛቸው ሰዎች መካከል ከእስር ሊወጡ የተቃረቡ እስረኞች አሉ። ከመፈታታቸው በፊት ከቤተሰባቸው ጋር ተቀምጠው የት እንደሚኖሩ፣ ልጆቻቸውን እንዴት እንደሚያዩ፣ ያለፈውን ቁስል ምን እንደሚያደርጉት ይነጋገራሉ።

እንዲህ ያለ ሽምግልና ምን እንደሚመስል በሥራዬ አይቻለሁ። አንዲት እናታችን ገና ሳይነጋ ወደ ሥራ ስለሚሄዱ ቡናቸውን የሚወቅጡት ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ነበር። ከታች የሚኖረው ጎረቤት ሆን ብለው የሚረብሹት መስሎት በየጊዜው ጣሪያውን ይደበድባል። እሳቸው ደግሞ ጥቁር ስለሆንኩ ነው የሚጠላኝ ብለው ደምድመዋል። እኔ ላስተረጉም ሄድኩ። የኛ አገር ሽማግሌ ቢሆን ይቆጣል፣ ይመክራል፣ “ለእኔ ስትል ተው” ይላል። እዚያ የተቀመጡት ሁለት ሸምጋዮች ግን አልፈረዱም፣ አልመከሩም። የሰሙትን መልሰው እየጠየቁ ዝም ብለው ጠበቁ። ሰውየው ሌሊት ታክሲ ነድቶ የሚተኛው በዚያው ሰዓት እንደሆነ ሲናገር እናታችን ደነገጡ። ሙቀጫ የሚባል ነገር እንዳለ እሱ አያውቅም ነበር። በመጨረሻ እሳቸው ራሳቸው “ለሳምንት የሚበቃኝን እሁድ ከሰዓት እወቅጣለሁ” አሉ። ማንም አላዘዛቸውም።

ብዙ ዓመት በእንዲህ ዓይነት ጠረጴዛ ዙሪያ የኖረ ሰው ሕግ ሲያወጣ ያ ልምዱ አብሮት ይኖራል ብዬ አምናለሁ። ክርክርን መስማት ይችላል። ተቃዋሚው የሚፈራውን ነገር ይጠይቃል።

ዶክተር ቻርኩዲያን በምክር ቤቱ ውስጥ አተኩረው የያዙት የኃይል ጉዳይን ነው። በ2023 የወጣው ፓወር አክት የተባለው ሕግ በታችኛው ምክር ቤት በእሳቸው በኩል የቀረበ ነው። ሜሪላንድ እስከ 2031 ከባሕር ላይ ነፋስ 8,500 ሜጋዋት እንድታገኝ ግብ ያስቀምጣል። በ2024 ደግሞ የጋዝ ኩባንያዎች የመሬትን ሙቀት በቧንቧ ለሰፈር ቤቶች የሚያከፋፍሉበትን አሠራር እንዲሞክሩ የሚያደርግ ሕግ አስወጡ። ሕግ መውጣቱ ብቻውን ግን ተርባይን አያስተክልም። በ2024 መጀመሪያ ላይ ኦርስቴድ የተባለው የዴንማርክ ኩባንያ ወጪው አላዋጣኝም ብሎ ከሜሪላንድ ጋር ከነበረው የዋጋ ስምምነት ወጣ። ወደ ሕዝብ አገልግሎት ለመግባት የምታስቡ ይህን ከአሁኑ እወቁት። ፊርማው የሥራው መጀመሪያ ነው።

“የመብራት ፖሊሲ ለእኛ ምናችን ነው?” የሚል አይጠፋም። በየቤቱ እየዞሩ “እስቲ ቢልዎትን ያሳዩኝ፣ ዋጋ ልቀንስልዎ” የሚሉ የመብራት ሻጮች የእናቶቻችንን በር ሲያንኳኩ ከርመዋል። እንግሊዝኛው በደንብ ያልገባቸው እናት ይፈርማሉ። የመጀመሪያው ወር ዋጋው ደህና ነው። ከዚያ ቀስ እያለ ይወጣል፣ እሳቸውም ምን እንደተፈጠረ አያውቁም። እንዲህ ዓይነት ቢል ይዘው ቢሮዬ የመጡ ብዙ ናቸው። ምክር ቤቱ በ2024 ባወጣው ሕግ እነዚህ ሻጮች ፈቃድ እንዲያወጡ ተገደዱ፤ በዋጋውም ላይ ገደብ ተጣለ። ያ ሕግ የወጣው ሰዎች አናፖሊስ ድረስ ሄደው፣ ቢላቸውን አሳይተው ስለመሰከሩ ጭምር ነው።

እናንተም መመስከር ትችላላችሁ፣ ለዚያ ደግሞ ዜግነት አይጠየቅም። ዜጋ ከሆናችሁ ደግሞ ሜሪላንድ ውስጥ በ16 ዓመታችሁ ለመራጭነት መመዝገብ ይቻላል። የታኮማ ፓርክ ልጆች ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ። ከተማችሁ ከ2013 ጀምሮ የ16 ዓመት ልጆችን በከተማው ምርጫ ታስመርጣለች። ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎችም ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በዚያው ምርጫ ድምፅ ይሰጣሉ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ከሆናችሁ በምክር ቤቱ የተማሪ ፔጅ ፕሮግራም አመልክቱ። አናፖሊስ ሄዳችሁ በስብሰባው አዳራሽ ውስጥ አባላቱን እያገዛችሁ ሥራውን ከቅርብ ታያላችሁ። ወላጆቻችሁ “ትምህርትህ ይበደላል” ቢሏችሁ እኔ ጋ ላኳቸው።

አንድ ረቂቅ ሕግ ሲያሳስባችሁ መጀመሪያ ፊስካል ኖቱን አንብቡ። የምክር ቤቱ ባለሙያዎች ረቂቁ ምን እንደሚለውጥና ምን ያህል እንደሚያስወጣ በግልጽ ቋንቋ የሚጽፉበት ሰነድ ነው። በድረ ገጹ ላይ በነፃ ይገኛል። ከዚያ ምስክርነታችሁን ጻፉ፣ ከአንድ ገጽ አታስበልጡት። የረቂቁን ቁጥር፣ የምትኖሩበትን ከተማ፣ መደገፋችሁን ወይም መቃወማችሁን ከላይ አስቀምጡ። ቀጥሎ በዓይናችሁ ያያችሁትን አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ። የእናታችሁ ቢል ከሆነ ወሩንና የተከፈለውን ብር በቁጥር ጻፉት። በአካል ከቀረባችሁ የሚሰጣችሁ ሁለት ደቂቃ ያህል ስለሆነ ቤት ውስጥ ጮክ ብላችሁ እያነበባችሁ ሰዓት ያዙ።