ሌዘርና የኛ ቆዳ፦ ጠይቁኝ፣ እመልሳለሁ

ሲስተር፦ እንደምን አመሻችሁ። ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። ነርስ ነኝ። ፀጉር በሚያስወግድ ሌዘር ላይ 9 ዓመት ሠርቻለሁ፤ 5ቱን ዱባይ፣ የቀረውን አዲስ አበባ። በውስጥ የምትልኩልኝ ጥያቄ ስለበዛ ዛሬ ማታ እዚሁ ሁላችሁም ፊት ልመልስ። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። የማሽኑን ዓይነት ሳትነግሩኝ «ይሠራልኛል ወይ?» አትበሉኝ።

የቦሌዋ፦ ሲስተር፣ ቅዳሜ ቀጠሮ አለኝ። ብብትና ሙሉ እግር ነው፣ የ6 ዙር ከፍያለሁ። መልኬ ጠቆር ያለ ጠይም ነው። የሚያሰጋኝ ነገር አለ?

ሲስተር፦ ማሽኑ ምንድነው?

የቦሌዋ፦ አዲስ ነው አሉኝ። ከአውሮፓ የመጣ።

ሲስተር፦ እሱ ምንም አይነግረኝም እህቴ። የሞገዱን ርዝመት ጠይቂልኝ፣ ቁጥሩን። ለምን እንደሆነ በደንብ ላስረዳ፣ ዛሬ ከምናወራው ሁሉ ትልቁ ይሄ ነው። የሌዘሩ ብርሃን የሚፈልገው ጥቁሩን ነው፣ ሜላኒን የሚባለውን ቀለም። እሱ ላይ ሲያርፍ ወደ ሙቀት ይለወጥና የፀጉሩን ሥር ያቃጥላል። ሜላኒን ግን ፀጉራችን ውስጥ ብቻ አይደለም ያለው፣ ቆዳችንም ውስጥ አለ። ብርሃኑ ደግሞ ይሄ ፀጉር ነው፣ ይሄ ቆዳ ነው ብሎ አይመርጥም። አንደርሰንና ፓሪሽ የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን የቆዳ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1983 ሞገዱንና የብርሃኑን ቆይታ አስተካክሎ በመምረጥ የተፈለገውን ብቻ ማቃጠል እንደሚቻል ጻፉ። የዛሬዎቹ ማሽኖች ሁሉ የተሠሩት በዚያ ሐሳብ ላይ ነው። ከመጀመሪያዎቹ መካከል ግን የሞገዳቸው ርዝመት 694 ናኖሜትር የሆነ የሩቢ ሌዘሮች ነበሩ። ለነጭ ቆዳና ለጥቁር ፀጉር ይሆናሉ፣ ለእኛ አይሆኑም።

ዛሬ የምታገኙት ሦስት ነው። አሌክሳንድራይት 755፣ ዳዮድ 810 አካባቢ፣ ኤንዲ ያግ 1064። ቁጥሩ ከፍ ሲል ብርሃኑ ወደ ውስጥ ይጠልቃል፣ ላይኛው ቆዳ ላይ ያለው ቀለም የሚመጠው ግን ይቀንሳል። ስለዚህ ለጠይምና ለጥቁር ቆዳ አስተማማኙ 1064 ነው። ያማል፣ ከ755 ይልቅ ያማል፣ ዙርም ሊጨምር ይችላል። ቢሆንም የማቃጠል ዕድሉ ያነሰ ነው። ቆዳን ከነጩ 1 እስከ ጥቁሩ 6 በሚመድበው የፊትዝፓትሪክ ደረጃ አብዛኞቻችን ከ4 እስከ 6 ነን፤ ማሽኑን የሚይዘው ሰው ይህን ካልጠየቀሽ፣ አንቺ ጠይቂው።

የሰፈር ልጅ፦ እኔ በ810 ነው 8 ዙር የጨረስኩት። ጥቁር ነኝ፣ ምንም አልሆንኩም። ሰው አታስፈራሪ።

ሲስተር፦ እሰየው፣ ደስ ይለኛል። 810ን የሚያውቅ እጅ ከያዘው፣ ኃይሉን ቀንሶ፣ የብርሃኑን ምት አርዝሞ፣ ቆዳውን እያቀዘቀዘ ከሠራ ይቻላል። የአንቺ ቆዳ ስለተረፈ ግን ለሌላው ማረጋገጫ አይሆንም። ሰው ለማስፈራራት አይደለም የምናገረው። ግራ ክንዴ ላይ የ1 ብር ሳንቲም የሚያክል ክብ ጥቁር ምልክት ነበረኝ። ስማር በ755 ነው የተቃጠልኩት፣ የሙከራ ቦታ ሳይሠሩልኝ። እስኪደበዝዝ ዓመት ተኩል ፈጀ። ክንዴ ስለሆነ ሸፈንኩት። ፊት ቢሆንስ?

ሙሽሪት፦ ሲስተር፣ ሠርጌ ከፋሲካ በኋላ ነው፣ 3 ሳምንት ቀርቶኛል። እስከዚያ ሁሉም ይጠፋልኛል?

ሲስተር፦ እንኳን ደስ አለሽ የኔ ቆንጆ። አይጠፋም። ሌዘር የሚይዘው በዚያን ሰዓት በማደግ ላይ ያለውን ፀጉር ብቻ ነው። ያረፈው፣ ከሥሩ የለቀቀው፣ ያመልጣል። ለዚህ ነው ፊት ላይ ከ4 እስከ 6 ሳምንት፣ ሰውነት ላይ ከ6 እስከ 8 ሳምንት እየጠበቅን ከ6 እስከ 8 ዙር የምንሠራው። ለሠርግሽ የለመድሽውን አድርጊ፣ ሌዘሩን ከጫጉላው በኋላ ጀምሪ። አዲስ ነገር ለሠርግ ሳምንት አይሞከርም።

ሙሽሪት፦ ሕመሙን ስለምፈራ የሚያደነዝዝ ቅባት ገዝቼ ነበር። እግሬን በሙሉ ልቀባው?

ሲስተር፦ በሙሉ አትቀቢ! በፕላስቲክ ደግሞ ጨርሶ አትጠቅልዪው። እ.ኤ.አ. በ2007 የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ ማስጠንቀቂያ ያወጣው በዚህ ነው። ሁለት ወጣት ሴቶች ለሌዘር ብለው እግራቸውን ቀብተው፣ ጠቅልለው፣ ሞተዋል። ቅባቱ ውስጥ ያለው ሊዶካይን የሚባል ማደንዘዣ በቆዳ ገብቶ ደም ውስጥ ሲበዛ ልብ ሊያቆም ይችላል። ትንሽ ቦታ ላይ፣ ክሊኒኩ መጠኑን ነግሮሽ፣ እሺ። እቤት በራስሽ ግን አይሆንም።

ሄለን ከአያት፦ ዋጋው ስንት ነው?

ሲስተር፦ ዋጋ አልናገርም። እየደወላችሁ ጠይቁ።

ወንድ ነኝ፦ አትሳቁብኝና፣ ጢሜን በተላጨሁ ቁጥር አንገቴ ላይ ሽፍ ይልብኛል። መግል ይቋጥራል፣ ከዚያ ጠቁሮ ይቀራል። ሌዘር ይረዳል?

የጎጃም ልጅ፦ ወንድ ልጅ ጢሙን በሌዘር? ምን ዘመን መጣ!

ቃልኪዳን፦ ወንድሜ ቢያመውስ? ሸሚዙ አንገትጌ ላይ ሁልጊዜ ደም ያለበት ሰው ታውቃለህ? ባለቤቴ እንደዚያ ነው።

የጎጃም ልጅ፦ ድሮ አባቶቻችን በምላጭ ተላጭተው ነው የኖሩት።

ቃልኪዳን፦ ድሮ አባቶቻችን ጢማቸውን ያሳድጉ ነበር።

ሲስተር፦ በቃ፣ ጠያቂው ልጅ መልስ ይጠብቃል። ወንድሜ፣ የሚያሳፍር ነገር የለውም። የኛ ፀጉር ጥምዝ ስለሆነ በምላጭ ተቆርጦ ጫፉ ሲሾል ወደ ቆዳው ተመልሶ ይገባል። ቆዳው እንደ እሾህ ያየዋል፣ ያብጣል። ለዚህ ሌዘር በጣም ይረዳል፣ 1064 ከሆነ። እንዲያውም በሥራዬ ደስ ብሎኝ የምሠራው ይሄንን ነው። አንድ ደንበኛዬ አንገቱን በሻሽ እየሸፈነ ይመጣ ነበር፤ አራተኛው ዙር ላይ ሻሹን ትቶት መጣ። ግን ሁለት ነገር አስብ። ጢምህ ለዘለቄታው ይሳሳል፣ ነገ ማሳደግ ብትፈልግ ላይሞላልህ ይችላል። ቁስልህ እየጠነከረ ወደ ላይ የሚያድግ ጠባሳ የሚሆን ከሆነ ደግሞ፣ ኬሎይድ የሚባለው፣ መጀመሪያ የቆዳ ሐኪም ይይህ። እስከዚያው ከሥሩ አትላጨው፣ በማሽን ትንሽ አስቀርተህ ቁረጠው።

ሪያድ ያለሁት፦ ሰላም ሲስተር። ማዳሜ የቤት ውስጥ ማሽን ሰጠችኝ፣ መብራት የሚያበራውን። እሷ ክንድ ላይ ብልጭ ይላል። እኔ እግር ላይ ሳስጠጋው ቀይ መብራት ያሳይና እምቢ ይላል። ተበላሽቶ ነው?

ሲስተር፦ አልተበላሸም እህቴ። ቆዳሽን አይቶ ነው እምቢ ያለሽ። አብዛኛው የቤት ማሽን ሌዘር አይደለም፣ አይፒኤል ነው። ብዙ ዓይነት ሞገድ አንድ ላይ ይረጫል፣ አጫጭሮቹም አብረው ስለሚወጡ ጥቁር ቆዳን ያቃጥላል። ሠሪዎቹ ይህን ስለሚያውቁ የቆዳ ቀለም የሚለካ መቆጣጠሪያ አስገብተውበታል። መልሺላት።

ቤቲ ኮስሞቲክስ፦ መፍትሔ አለው። የሚለካበትን ቦታ በነጭ ወረቀት ሸፈን ማድረግ ነው፣ ይሠራል። እኔም እሸጣለሁ፣ ለፈለገ።

ሲስተር፦ ይሄን ምክር አሁኑኑ አጥፊልኝ። ያቺ ልጅ በሰው አገር ናት። እግሯ ቢቃጠል ማን ያሳክማታል? መቆጣጠሪያው ነው ያተረፋት፣ አንቺ እሱን ሸፍኚ ትያታለሽ።

ቤቲ ኮስሞቲክስ፦ ደንበኞቼ ተጠቅመውበታል፣ ቅሬታ አልሰማሁም።

ሲስተር፦ እኔ ሰምቻለሁ። አንዲት ልጅ ሁለት ቅልጥሟ ላይ የማሽኑ አፍ ያረፈበት እየተለየ፣ አራት ማዕዘን፣ አራት ማዕዘን ሆኖ ተልጦ መጣችልኝ። ሪያድ ያለሽው፣ እንዳትሰሚያት።

ሪያድ ያለሁት፦ እሺ ሲስተር፣ መለስኩላት። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ሜሪ፦ ምላጭ ፀጉር ያበዛል አይደል?

ሲስተር፦ አያበዛም።

ሜሪ፦ እናቴ ግን ያበዛል ትላለች፤ እኔም ራሴን አይቻለሁ።

ሲስተር፦ ምላጭ ሥሩን አይነካም። የተቆረጠው ጫፍ ደነዝ ሆኖ ስለሚወጣ ነው የሚሻክርሽ። እንዲያውም ለሌዘር ከመምጣትሽ አንድ ቀን በፊት በምላጭ መላጨት አለብሽ። ዋክስ፣ ሃላዋ፣ ክር፣ ወረንጦ ግን ከ4 ሳምንት በፊት ይቁም። ሥሩን ነቅለሽ መጥተሽ ሌዘሩ ምን ይምታ?

ዮዲት 24፦ ሲስተር፣ አገጬና አንገቴ ላይ ጥቁር ጠንካራ ፀጉር እየወጣ ነው። በወረንጦ ስለቅም ነው የማድረው። ለሰው ተናግሬ አላውቅም። ስንት ዙር ይበቃኛል?

ሲስተር፦ ዮዲትዬ፣ ከዙሩ በፊት ልጠይቅሽ። የወር አበባሽ በጊዜው ይመጣል?

ዮዲት 24፦ በ2 ወር፣ አንዳንዴ በ3 ወር። ብጉርም አለኝ።

ሲስተር፦ እንደገመትኩት። መጀመሪያ የማህፀን ወይም የሆርሞን ሐኪም ጋር ሂጂ። ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ የሚባለው የሆርሞን መዛባት ሊሆን ይችላል። በጣም የተለመደ ነው፣ ይታከማል፣ ያንቺም ጥፋት አይደለም። ደም ይመረምሩሻል፣ ቴስቶስትሮን፣ የታይሮይድ ሆርሞንና ስኳርም ያያሉ፣ አልትራሳውንድም ያነሱሻል። ሆርሞኑ ሳይስተካከል ሌዘር ብቻ ብትሠሪ ያቃጠልነውን አዲሱ ይተካዋል፣ ብርሽ ይባክናል። ሌላም አለ። መንጋጋና አንገት ላይ ያለውን ስስ ለስላሳ ፀጉር ሌዘር ስንመታው አንዳንዴ ይባሱን ይጠነክራል። በተለይ የሆርሞን ችግር ያለባቸው ጠይም ሴቶች ላይ ይታያል። ስለዚህ ጥቁርና ጠንካራውን ብቻ ነው የሚነኩልሽ፣ ሙሉ ፊት እንሥራልሽ ካሉሽ እምቢ በዪ። ፀጉሩ በጥቂት ወራት ውስጥ ድንገት ከበዛ፣ ድምፅሽም ከጎረነነ ግን አታዘግዪ፣ በዚያው ሳምንት ሐኪም ጋር ድረሺ።

ደግሞ ፊትሽን የሚያቀላ ነገር ትቀቢያለሽ?

ዮዲት 24፦ የብጉሩን ጠባሳ ለማጥፋት አዎ፣ ከሱቅ ገዝቼ።

ሲስተር፦ ጀርባውን አንብቢ። ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል የሚል ካለበት ስቴሮይድ ነው። ፊት ላይ ሲቆይ ቆዳ ያሳሳል፣ ብጉር ያመጣል፣ ራሱ ፀጉር ያበቅላል። በሳሳ ቆዳ ላይ ሌዘር ደግሞ ጠባሳ ነው። በድንገት ስታቆሚው ሊያቃጥልሽ ስለሚችል እንዴት እንደምታቆሚው ሐኪም ይንገርሽ። አለርት ሆስፒታል ጥሩ የቆዳ ክፍል አለ፣ እዚያም መሄድ ትችያለሽ። ብቻሽን አይደለሽም፣ በሳምንት ስንቷን እንዳንቺ አያለሁ መሰለሽ።

ሶሊ፦ ሲስተር ሌዘር ጥሩ ነው?

ሲስተር፦ ለማን? ምን ላይ? በየትኛው ማሽን? ከላይ አንብቢ።

ነፍሰ ጡር፦ 5 ወሬ ነው። ሆዴ ላይ ፀጉር ወጣ።

ሲስተር፦ አሁን አይሠራም። አብዛኛውን ጊዜ ከወሊድ በኋላ በራሱ ይረግፋል። በሰላም ተገላገዪ።

የልጆች እናት፦ ልጄ፣ 58 ዓመቴ ነው። አገጬ ላይ ነጭ ፀጉር ያስቸግረኛል። አንገቴ ላይ ደግሞ የልጅነት ንቅሳት አለኝ። ለልጄ ሠርግ ላስነሳው ብዬ ነበር።

ሲስተር፦ እማዬ፣ ነጭ ፀጉር ሌዘር አይነካውም፣ የሚይዘው ቀለም የለውምና። ገንዘብዎን እንዳይወስዱብዎ። ለነጩ የሚሆነው ኤሌክትሮሊሲስ ነው፣ በቀጭን መርፌ አንድ በአንድ የሚሠራው። ጊዜ ይወስዳል። ንቅሳቱን በተመለከተ ግን በጣም ይጠንቀቁ። የፀጉር ሌዘር ንቅሳት ላይ ፈጽሞ አይደረግም። ቀለሙ ጥቁር ስለሆነ ብርሃኑን ሁሉ ይሰበስበውና ቆዳውን ያፈላዋል። እኔ ንቅሳት ሳይ ሸፍኜ፣ ዙሪያውን ጣት የሚያህል ትቼ ነው የምሠራው። ንቅሳት የሚያጠፋው ሌዘር ሌላ ነው፣ ምቱ እጅግ አጭር ነው፣ «ያው ሌዘር ነው» ካሉዎት ተነሥተው ይውጡ። እኔ ግን ባይነኩት ደስ ይለኛል። ያምርብዎታል ብዬ እገምታለሁ።

የልጆች እናት፦ እናቴ ናት የነቀሰችኝ። ይቅር እንግዲህ።

ፌቨን፦ ቅንድብስ?

ሲስተር፦ አይሆንም። ዓይን ይጎዳል።

ኪያ፦ ዋጋው ግን ስንት ነው በግምት?

ሲስተር፦ ከላይ መልሻለሁ።

ሳሚ፦ ከሌዘር በኋላ ቢቃጠልስ? እህቴ ዛሬ ተሠርታ እግሯ ቀልቷል።

ሲስተር፦ በየፀጉሩ ሥር ትንንሽ እብጠት ከሆነ ያ ጤነኛ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ይጠፋል። ግራጫ ከሆነ፣ ውሃ ከቋጠረ፣ ወይም የማሽኑ አፍ ቅርጽ ከታየ ተቃጥሏል። ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሱበት፣ በረዶ በቀጥታ አታድርጉ። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ ሎሚ አይነካውም። የቋጠረውን አታፍርጡ፣ ነገ ጠዋት ሐኪም ይየው። ከፀሐይም ትሸፈን።

የቦሌዋ፦ ሲስተር ደወልኩላቸው። መጀመሪያ አያውቁም ነበር፣ ከዚያ ባለሙያዋ መጣችና 755 እና 1064 ሁለቱም አለው አለች። እግርን ግን በ755 ነው የምንሠራው፣ ቶሎ ያልቃል አለችኝ።

ሲስተር፦ አንቺን በ1064 እንድትሠራሽ ንገሪያት፣ በካርድሽም ላይ ይጻፍ። ቅዳሜ ደግሞ ሙሉ እግር እንዳትሠሪ፣ ቁርጭምጭሚትሽ አካባቢ ትንሽ ቦታ ብቻ ይሞከርልሽ። ከዚያ 2 ሳምንት ጠብቂ፣ የኛ ቆዳ ጥቁረቱን ዘግይቶ ነው የሚያሳየው።

የቦሌዋ፦ እምቢ ካሉኝስ? ብሩን ከፍያለሁ።

ሲስተር፦ እምቢ ካሉሽ ብርሽን ጠይቂ። ባይመልሱልሽም በ755 አትሠሪ።

የቦሌዋ፦ እሺ። አሁን መልሼ ደወልኩ፤ ቅዳሜ ሙከራ ብቻ፣ በ1064፣ ተስማምታለች።