ሩጫ አበዛሁ፣ ተከላካዩ ግን አሁንም ይቀድመኛል

ጥያቄ፦ ሰላም ኮች። 19 ዓመቴ ነው፣ ሐዋሳ ነው የምኖረው፣ የመስመር አጥቂ ነኝ። ጠዋት ጠዋት እስከ 10 ኪሎ ሜትር እሮጣለሁ። ትንፋሽ አያጥረኝም። ግን ከተከላካይ ጀርባ ኳስ ሲጣልልኝ ሁሌ እቀደማለሁ፣ ቆርጬ ለመግባት ስሞክርም ቶሎ ይደርስብኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ጉብዝናህ ደስ ይላል፣ የምትለማመደው ግን የምትፈልገውን አይደለም። በየቀኑ 10 ኪሎ ሜትር በአንድ ፍጥነት የሚሮጥ ሰውነት የሚማረው እሱኑ ነው። እኛ አገር ደግሞ ሩጫ ሲባል የሚታየን ረጅሙ ነው፣ ልምምድም በላብ ይለካል። ለፍጥነት ይሄ መለኪያ አይሠራም።

ዩሴን ቦልት እንኳ በ2009 በርሊን ላይ 100 ሜትርን በ9.58 ሰከንድ ሲገባ ከፍተኛ ፍጥነቱ የመጣው ከ60 ሜትር በኋላ ነው። አንተ በጨዋታ ውስጥ 60 ሜትር ቀጥ ብለህ የምትሮጠው ስንቴ ነው? ያንተ ጉዳይ የመጀመሪያዋ 10 ሜትር ናት። ስለዚህ በሳምንት ሁለት ቀን፣ እግርህ ሳይደክም፣ በደንብ አሟሙቀህ 10 እና 20 ሜትር ባለህ አቅም ሁሉ ሩጥ። ስድስት ወይም ስምንት ጊዜ ይበቃል። በየመሃሉ ግን እረፍ፤ ለ10 ሜትሩ አንድ ደቂቃ፣ ለ20ው ሁለት። «ምን ቆመህ ታያለህ?» የሚልህ አይጠፋም፣ አትስማው። ጡንቻ ለእንዲህ ያለ አጭር ሩጫ የሚጠቀምበት ክሬቲን ፎስፌት የሚባል ስንቅ በሰከንዶች ውስጥ ይሟጠጣል፣ እስኪተካ ደግሞ ደቂቃዎች ይወስዳል፣ ሳይተካ ደጋግመህ ከሮጥክ የምትለማመደው ድካም መቻልን እንጂ ፍጥነትን አይደለም። እሱም ይጠቅማል፣ ግን ሌላ ቀን። ስትነሳ ሰውነትህ ወደ ፊት ያዘንብል፣ መሬቱን ወደ ኋላ ግፋ። ታቦር ተራራ ሥር ረገብ ያለ ዳገት ፈልገህ ብትሞክረው ይሄ አገፋፍ ቶሎ ይገባሃል።

ቆርጦ መግባቱ ደግሞ ከሁሉ በፊት ፍሬን የመያዝ ችሎታ ነው። ከመታጠፍህ በፊት ሁለት ሦስት እርምጃ አሳጥር፣ ዳሌህን ዝቅ አድርግ፣ ጉልበትህ ወደ ውስጥ እንዳይታጠፍ ተጠንቀቅ። ብዙ ተጫዋች ማንም ሳይነካው የጉልበቱ ጅማት የሚበጠሰው እዚህች ቅጽበት ላይ ነውና እባክህ ይህን ቀስ ብለህ ተማር። ስኳትም፣ ቁጢጥ እያሉ መነሳቱን ማለቴ ነው፣ አትተው። ተንበርክከህ፣ ጓደኛህ ቁርጭምጭሚትህን ይዞልህ፣ ቀስ እያልክ ወደ ፊት የምትወርድበት ልምምድም የኋላ ታፋህን ከጉዳት ይጠብቅልሃል።

ጥያቄ፦ ታዳጊዎች አሰለጥናለሁ። መሬት ላይ የሚዘረጋውን የእግር ቅልጥፍና መለማመጃ መሰላል ገዝተን ልጆቹ በጣም ፈጠኑበት፣ ጨዋታ ላይ ግን ለውጥ አላየሁም። ለምን?

መልስ፦ መሰላሉን ስለለመዱት ነዋ! ቀጥሎ የት እንደሚረግጡ ያውቃሉ፣ ዓይናቸውም መሬት ላይ ነው። ሜዳ ላይ ቅልጥፍና ማለት የሌላውን ሰው ዳሌና ትከሻ አይቶ፣ ወስኖ፣ መንቀሳቀስ ነው። መሰላሉ ለማሟሟቂያ ይሁንልህ። ከዚያ አምስት በአምስት ሜትር በኮን ከልለህ ሁለት ሁለት እያደረግክ አባሮሽ አጫውታቸው፣ ሲቆይ ኳስ ጨምርበት። አንዱ ዙር ከ10 ሰከንድ አይብለጥ፣ ተራ የሚጠብቁት ደግሞ ይረፉ እንጂ በቅጣት ሩጫ አታድክማቸው።