ካፒቴን ሃዶክ የሚጠጣው አረቄ ነው ወይስ ውስኪ?

ጥያቄ፦ የቲንቲንን ሥዕላዊ ጀብዱዎች ዐሥራ ሁለት ዓመት ለሆናቸው ልጆች ከፈረንሳይኛ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። የቲንቲን ወዳጅ የሆነው መርከበኛ፣ ካፒቴን ሃዶክ፣ ከጠርሙስ አይለይም። አንዱ ወዳጄ «አረቄ በለው፣ አገርኛ ይሁን» ይለኛል፤ ሌላው «ለልጆች ስለሆነ ጭማቂ አድርገው» ይላል። ውስኪውን፣ ሮሙንና አጓርዲየንቴ የሚሉትን ምን ልበል? የሰከረ ሰው ንግግርስ በፊደላችን እንዴት ይጻፋል?

መልስ፦ ጭማቂውን ይተዉት። ሥዕሉ ላይ ሰውየው እየተንገዳገደ ጽሑፉ ጭማቂ ቢል፣ ልጆቹ የሚስቁት በሃዶክ ሳይሆን በእርስዎ ነው። አሜሪካኖቹ አሳታሚዎች እንኳ ነገሩ ባሳሰባቸው ጊዜ ሃዶክ ከጠርሙስ አፍ ሲጠጣ የሚያሳዩት ሥዕሎች እንዲነሡ ጠየቁ እንጂ ውስኪውን ብርቱካን አላደረጉትም።

አረቄ ላይ ግን ወዳጅዎ ግማሽ እውነት አለው። ቃሉ ከዓረብኛው «ዐረቅ» የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ላብ ነው፤ እንፋሎቱ ቀዝቅዞ ጠብ ጠብ ሲል ላብ ይመስላልና። በዚህ ሰፊ ትርጉሙ ውስኪም፣ ሮምም አረቄ ናቸው። ግሱም ይስማማል፦ ጠላ ይጠመቃል፣ ጠጅ ይጣላል፣ አረቄ ይወጣል። ስለዚህ ውስኪም «ይወጣል» እንጂ «ይጣላል» አይባልም። ችግሩ አረቄ በጆሯችን ከመጠጡ ጋር ቤቱንም ይዞ መምጣቱ ነው። ሃዶክ «አንድ መለኪያ አረቄ» ሲል፣ አንባቢው የሙላንሳርን ቤተ መንግሥት ጌታ አረቄ ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ያስቀምጠዋል። ውስኪ ደግሞ ከነስሙ ከገባ ቆይቷል፤ ትርጉም አይፈልግም። «ዊስኪ» ብለው የሚጽፉ አሉ፣ ስሕተት አልለውም፤ ሕዝቡ የሚለው ግን «ውስኪ» ነው፣ ለንግግር የሚሻለውም እሱ ነው።

የጠርሙሱን ስም፣ ሎክ ሎሞንድን፣ «የሎሞንድ ሐይቅ» ብለው እንዳይተረጉሙት። «ሎክ» በስኮትላንድ ሐይቅ ማለት መሆኑ እውነት ነው፤ እዚህ ግን የንግድ ምልክት ነው። «ጥቁሩ ደሴት»ን የሚመልሱ ከሆነ የያዙት የየትኛው ዓመት እትም እንደሆነ ይዩ፤ በድሮው እትም የባቡሩ የውስኪ ቦቴ ላይ ያለው ጽሑፍ ጆኒ ዎከር ነበር፣ በ1966 እ.ኤ.አ. እንደገና ሲሣል ሎክ ሎሞንድ ሆነ።

አጓርዲየንቴን ያለ ሥጋት አረቄ ይበሉት። የስፓኝኛው ቃል ሲፈታ «የሚነድ ውሃ» ነው፤ ጉሮሮ የሚያቃጥል ተራ መጠጥ። «የተሰበረው ጆሮ» ላይ ቲንቲን ራሱ ጠጥቶት ሰክሮ ተኳሾች ፊት ይቆማል። እዚያ ቦታ «አረቄ» የሚለው ቃል የሚያጎድለው ነገር የለም። ሮምን ግን «ሩም» ብለው ቢጽፉ ይሻላል። «የድሮ ሮም ነው» ብሎ የሚጮኽ መርከበኛ ልጆቹን ወደ ጣልያን ይወስዳቸዋል። መጀመሪያ ሲመጣ በግርጌ «የሸንኮራ አገዳ አረቄ» ብለው ይግለጹት፤ አንድ ጊዜ ይበቃል።

አንድ ያልጠየቁኝን ልጨምር፦ ሃዶክን «ሻምበል» አይበሉት። ሻምበል የምድር ጦር ነው፤ የመርከብ ሰው ካፒቴን ነው።

ግሶቹ ላይ ቸር ይሁኑ፤ አማርኛ እዚህ ሀብታም ነው። ሁሉን «ጠጣ» ማለት ሥዕሉን መግደል ነው። ከንፈሩን ብቻ ያራሰው ፉት አለ፤ አንዴ አፉን የሞላው ተጎነጨ፤ እስከ አተላው ያደረቀው ጨለጠ፤ ጠርሙሱን ወደ ላይ ያቆመው ገለበጠ። ስካሩም ደረጃ አለው፦ ሞቅ አለው፣ ሰከረ፣ ጥንብዝ አለ። የሃዶክን ጉንጭ እያዩ ይምረጡ።

የሚከብደው «ያልሰከረ» የሚለው ነው። «ምሥጢራዊው ኮከብ» ላይ ሃዶክ የአንድ ፀረ አልኮል መርከበኞች ማኅበር ሊቀ መንበር ሆኖ ሳለ ወደ መርከቡ ሣጥን ሣጥን ውስኪ ይጫናል። እንግሊዝኛው የማኅበሩን ስም በ«ስ» ድምፅ በሚጀምሩ ሦስት ቃላት ሰድሮታል። «ያልሰከሩ መርከበኞች» ቢሉ ለዛሬ ብቻ ያልሰከሩ ይመስላል። «መጠጥ የማይቀምሱ መርከበኞች ማኅበር» ይበሉት፤ ከአራቱ ቃላት ሦስቱ በ«መ» ቤት ይጀምራሉ፣ «አይቀምሱም» የሚለውም ቀልዱን ያጠነክረዋል።

የሰካራም ንግግር ሲጽፉ «ሰ»ን በ«ሸ» አይለውጡ፤ ያ የእንግሊዝኛ ልማድ ነው፣ በእኛ ፊደል የሕፃን ኮልታፋነት ይመስላል። ቃሉ ይጎተት፣ ይደገም፣ በህቅታ ይቆረጥ፦ «ማ... ማነው ሰከረ ያለው? እኔ አል... ህቅ! አልሰከርኩም!»

ጨረቃ ላይ በሚሄዱበት መጽሐፍ፣ የሮኬቱ ሞተር ጠፍቶ ክብደት ሲቀር፣ የሃዶክ ውስኪ ከብርጭቆው ወጥቶ ክብ ሆኖ ይንሳፈፋል። እዚህ «ፈሰሰ» አይሠራም፣ የፈሰሰ ነገር ወደ ታች ነውና። «ተንሳፈፈ»ም ቅርጹን አይናገርም። «ውስኪዬ ተድቦለቦለ!» ቢያሰኙት ድምፁ ራሱ ይንከባለላል። ብርጭቆውን ይዞ ሲያባርረው ደግሞ «ልቅዳው» ሳይሆን «ልያዘው» ይበል።