አያቱ «ይሄ አንቺሆዬ አይደለም» አሉት

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የ14 ዓመት ልጄ ኪቦርድ ይጫወታል። አባቴ ሊጠይቁን ከጎንደር ሲመጡ ክራራቸውን ይዘው መጡ። ልጄ ትዝታ ሲጫወትላቸው አብረው አንጎራጎሩ። አንቺሆዬን ሲጀምር ግን «ይሄ አንቺሆዬ አይደለም» ብለው ተነሱ። ልጁ ኖታውን አይቶ፣ ሳይሳሳት ነው የተጫወተው። አሁን ሁለቱም አኩርፈዋል። ማን ነው ልክ? አባቴ በሚቀጥለው ወር ይመለሳሉ።
ት.፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ክራር ከማስተማሬ በፊት ለዓመታት ኪቦርድ ተጫዋች ነበርኩና የልጅሽ ቅሬታ ይገባኛል። ኖታውን በትክክል ተጫውቶት ይሆናል። አባትሽ የሰሙትም ግን እውነት ነው።

ትዝታው ለምን እንዳለፈለት ልንገርሽ። ትዝታም አንቺሆዬም ቅኝት ናቸው፤ ዜማው የሚሄድባቸው አምስት ድምፆች ማለት ነው። ትዝታ ሜጀር ከዶ ሲነሳ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። አምስቱም ነጭ ቁልፍ ላይ ናቸው። ግራ እጁ የተለመደውን የዶ ኮርድ (አንድ ላይ የሚመቱ ድምፆች) ቢይዝ ዶ፣ ሚ እና ሶልን ነው የሚጫነው። ሦስቱም የትዝታው ቤተሰብ ናቸው፤ ማንም ከማንም አይጣላም።

አንቺሆዬ ከዶ ሲነሳ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ይሆናል፤ ፍላት ማለት በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ነው። ቁልፉ ላይ ነጭ፣ ጥቁር፣ ነጭ፣ ጥቁር፣ ነጭ ማለት ነው። እስቲ ያንኑ የዶ ኮርድ በግራ እጅ ያዢበት። ሚ እዚህ ቅኝት ውስጥ የለም። ሶልም የለም። ቀኝ እጁ ምንም ባይሳሳት ግራው ሁለት እንግዳ ይዞ ገብቷል። ኪቦርዱ በራሱ የሚያጅበውን ከፍቶት ከሆነማ፣ ልጁ ሳያውቀው ነው እንግዳው የሚበዛው። የመጀመሪያው ጥርጣሬዬ ይህ ነው።

ይሄ ፈተና ከልጅሽ በፊት ብዙ ትልልቅ ሰዎችን አስጨንቋል። የሙዚቃ አቀናባሪው ነርሰስ ናልባንዲያን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ያገራችንን ዜማ ለኦርኬስትራ ሲያቀናብር ያጋጠመው ይኸው ነበር። ሙላቱ አስታጥቄም ኢትዮ-ጃዝን ሲሠራ ዋናው ጥንቃቄው የምዕራባውያኑ የ12 ድምፅ ኮርድ የአምስት ድምፁን ቅኝት ጠረን እንዳያጠፋው ነበር።

ሁለተኛው ነገር ረቀቅ ይላል። ኪቦርድ ኦክታቩን፣ ማለትም ከአንዱ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለውን፣ 12 እኩል ቦታ ቆርጦ ነው ከፋብሪካ የሚወጣው። ክራር ግን የሚቃኘው በዘፋኙ ድምፅ ልክ ነው። አባትሽ መቃኛውን ጠበቅ፣ ላላ እያደረጉ ጉሮሯቸው የሚፈልገውን ቦታ ያገኛሉ። ያ ቦታ ሁለት ቁልፍ መካከል ሊያርፍ ይችላል። እዚያ ደግሞ የሚጫኑት ቁልፍ የለም።

ይህን የተማርኩት አንድ ሰርግ ላይ ነው፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ አዲስ አበባ። አንዲት አዝማሪ አንቺሆዬ ስትዘፍን እኔ ኮርድ በኮርድ አደረግኩት። መሀል ላይ አቆመችና ዞር ብላ «ልጄ፣ ድምፄን ወዴት ነው የምትጎትተው?» አለችኝ። ግራ እጄን አነሳሁ። በቀኜ ብቻ፣ ቀስ ብዬ፣ እሷን እየተከተልኩ ጨረስን። ክራር መማር አለብኝ ያልኩት ያን ዕለት ማታ ነው።

ኪቦርድ ዜማችንን ገደለው የሚሉ ግን አሉ፤ በዚህ አልስማማም። ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 እዚያው እናንተ አካባቢ፣ ዋሽንግተን፣ ብቻውን በአኮርዲዮን፣ በኪቦርድና በሪትም ማሽን ካሴት ቀርጿል። ልጅሽ ይስማው። ዜማው በአንድ ነጠላ መስመር ሲሄድ ምን ያህል ቦታ እንደሚበቃው ይገባዋል።

አሁን ወደ ሥራው። ልጅሽ መጀመሪያ አንቺሆዬን በአፉ ያዚመው። ድምፁ ባያምርም ግድ የለም፤ ጆሮው ነው የሚፈለገው። ኪቦርዱ ላይ ሲቀመጥ ግራ እጁ ያረፈ ይሁን፤ ካስፈለገው መነሻዋን ዶ ብቻ ይያዝ። መነሻው ካያቱ ክራር ጋር ካልገጠመ በትራንስፖዝ፣ ማለትም ሁሉንም ቁልፍ አብሮ ከፍና ዝቅ በሚያደርገው ማስተካከያ፣ ያስተካክል። ብዙ ኪቦርዶች ደግሞ እያንዳንዱን ቁልፍ ለብቻ በትንሽ በትንሹ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ማስተካከያ አላቸው። የአረብ ዘፈን ተጫዋቾች ሁሌም ይጠቀሙበታል። የኪቦርዱ መመሪያ ላይ «ስኬል ቲዩኒንግ» የሚለውን ፈልጉ። ከዚያ አባትሽ አንድ ክር ይምቱ፣ ልጁ ያንን ቁልፍ እስኪገጥም ያንቀሳቅስ። አምስት ቁልፍ ብቻ ነው፤ አንድ ከሰዓት ይበቃል።

አባትሽ ከመሄዳቸው በፊት ስልክሽን ክራሩ አጠገብ አድርጊና ቅረጪ። መጀመሪያ ክሮቹን አንድ በአንድ፣ ቀጥሎ ዘፈኑን። አንድ ሌላ ነገርም አደራ፦ ክራሩን አላልተው ለልጁ ይስጡትና እሱ ይቃኘው። እሳቸው አጠገቡ ቁጭ ብለው «ጠበቅ»፣ «ላላ» ይበሉት። ቀረጻውን ብትልኪልኝ ከልቤ ደስ ይለኛል።